ግፊቱ ገና ነው

ክንዴን አንቃ ለቀቀችው፤ «ግፊትህስ ደህና» አለች፤
ዐይኗን ግን ከወረቀቱ ነርስ ሃትሱኤ መች ነቀለች!

ስኳሬ አፋፍ ላይ ቆሟል፣ አልወጣ አልወረደ፤
ስቡ ከልኩ አልፎ ከደሜ ጋር ተዋደደ፤
ዩሪክ አሲዱም ትንሽ ከፍ ብሏል።
የቀበቶዬን ቀዳዳ እንኳ ቆጥራ አልማረችኝም።

«ግፊት ሳይነሣ በፊት፣ ወሬው ከደም ይነሣል።
ምናልባት ነው እንጂ…»
ሳቅሁ።
አርባ ክረምት በኦጋ ዳር
ጀልባ ገፋሁ፣ ኑሮም ገፋሁ፤
አሁን እኔን ማን ይገፋኛል?

ደጅ ስወጣ የጃፓን ባሕር ጸጥ፤ ወፎቹ ግን ወደ የብስ።
ያን ጊዜም እንዲሁ ነበር፤
«የታል ማዕበሉ?» ብሎ ታናሼ ዮሺኪ
እንደወጣ ቀረ ሳይመለስ።

ማታ፣ ጨው የለበሰውን ዓሣ
ከማንጠልጠያው አወረድሁት፤
ሚስቴ እያየች፣ ምንም ሳልል፣
ሁለት ጊዜ በውሃ አጠብሁት።