የማክሰኞ አውቶቡስ

ሰባት ሰው ከበበ፣ አንድ ፋይል ዘርግቶ፣
የኑላን ነገ ሊያይ፣ መነጽሩን አጽድቶ።
ኪሊቤግስ ላይ ዝናብ፣ መስኮቱን ያጥባል፤
የጀልባ ጥሩምባ፣ ከወደብ ይሰማል።

«ከአምስት ዓመት በኋላ፣ የት ትሆኛለሽ?» አሏት፤
ብዕር እንዳነሡ፣ ዝም ብለው ጠበቋት።
«ማክሰኞ» አለች ኑላ። አንዱ ሳቁን ዋጠ፤
ሌላው «ግብ» ከሚለው ሥር፣ ሰረዝ አስቀመጠ።

እኔ ግን ገብቶኛል።
ማክሰኞ ሆቴሉ፣ አንሶላ ያሳጥባል።
ጠርዝ ከጠርዝ አጋጥማ፣ አንዴ፣ ደግሞ አንዴ፣
ስታጥፍ አይቻታለሁ፤ እንዲያ አይችልም ክንዴ።

አሥራ ስምንት ሞላት። ትምህርት ቤቱ በሰኔ
ደወሉን ደውሎ፣ ይመልሳታል ለእኔ።
«ስትሞች ማን ይቆልፋል፣ ማታ በሯን?» የሚል ሣጥን፣
ፋይሉን ብገልጥ ብገልጥ፣ አጣሁት ቦታውን።
አልጠየቅሁም። ፈረምሁ።

ማክሰኞ ደረሰ።
ብቻዋን ተሳፈረች፣ ሳንቲሟን ቆጥራ፣
ቦርሳዋን ደረቷ ላይ፣ እንደ ሕፃን አጥብቃ።
እኔም እንደ ሌባ፣ ፍጥነቴን ቀንሼ፣
መጥረጊያው ዝናቡን፣ እኔ ዓይኔን አብሼ፣
ተከተልኋት።

ሦስተኛው ፌርማታ ላይ፣
በኋለኛው መስኮት፣ ዞር ብላ አየችኝ።
አልሳቀችም።
በእጇ ብቻ፣ «ተመለሽ» አለችኝ።