የኪሱ አፍ

በኤስታንሲያ ወደብ፣ ከዓሣ ማድረቂያው ጀርባ፣
ዝናቡ በቆርቆሮው ሽንቁር ሳይጠራ ሲገባ፣
አንድ እግሯን በድንጋይ የደገፍናት ጠረጴዛ አለችን፤
ጨርቅ ለብሳ አታውቅም፣ ኳስም የለን፤
እንደ ሳንቲም የተቆረጠ እንጨት ነው የምናንሸራትትባት፣
ካሳቫ ዱቄት እንደ ሙሽራ ፊት እየነሰነስንባት።

እዚያ ነው የጀመረችው።
ጆናሊን፣ የመረብ ጠጋኙ የናርሲሶ ልጅ፣
የለስላሳ ሳጥን ላይ ቆማ፣ ዱላው ሲከብዳት በእጅ።
እኔ ነኝ የመጀመሪያው ተሸናፊ፤
ባለ ሦስት እግሬን አቁሜ፣ አሥር ፔሶ አስያዝኩ፣ ለመሳቅ ብዬ፣ እንደ አላፊ።
ሳቄን ሳልጨርስ ዞር ብላ አየችኝ፤
«ሌላ አለህ?» አለችኝ።

ከዚያማ ዓሣ ጫኙ፣ ፖሊሱ፣ ማን ቀረ፣ ማን ዳነ!
የሷ ኪስ በሞላ ቁጥር የኛ ኪስ መነመነ፤
ናርሲሶ ግን ያው ነው፣ መረብ ይሰፋል ሌሊትም ቀን፣
የገዛ ኪሱን ሰፍቶ አያውቅም፣ ይኸው እስካሁን።

አሥራ ስድስት ሲሞላት ኢሎኢሎ ሄደች፣
ድቡልቡል ነገር መጀመሪያ ያኔ መታች።
«ይንከባለላል!» አለች ስትመለስ፣ እንደ ተአምር፣
«ነክተኸው ዝም ብትል፣ ራሱ ይሄዳል፣ ራሱ ያስባል እንደ ፍጡር።»
ሳቅን። እሷ አልሳቀችም።
ዛሬም ከመምታቷ በፊት፣ የትም ብትሆን፣
በአውራ ጣቷ ጨርቁን ጠረግ ታደርጋለች፣ የሌለ ዱቄት እንደሆን።

ቅዳሜ ማታ፣ ማኒላ፣ የሴቶቹ ፍጻሜ።
የወንዶቹን ማንም ያሳያል፤ የሴቶቹን ግን ፔትራ
ጣቢያ ለጣቢያ ስትዞር ሁለት ሰዓት ፈጀች፣ አንቴናውን ስታማርራ።
ተጋጣሚዋ ከታይዋን ነች፤ አርባ ዓመት ያለፋት፣
ቀስ ብላ የምትራመድ፣ አዳራሹ ሳሎኗ የሚመስላት፤
ስሟ ምላሳችንን ቢያስረው፣
ልጆቹ «እትዬ ዝምታ» ብለው ሰየሟት፣ እኛም ተቀበልነው።
የኛዋ ሸሚዟ ሰፍቷታል፤ ጣቶቿን በትንፋሿ ታሞቃለች፤
ማቀዝቀዣ ያለበት ቤት የት ታውቃለች?

ስምንት ለስምንት። አንድ ዙር ቀረ።
በረዶ ሻጩ ጠርሙሱን እንደጨበጠ ቀረ።
በተነችው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስቱን ባንድ እስትንፋስ፣
አራትን በስሱ፣ ማንኪያ እንደመላስ፣
ስምንት ሲገባ ነጩ ሮጠባት፣ ከሚገባው በላይ፣
ግድግዳ ተጠግቶ ቆመ፤ ዘጠኙ ከማዶ፣ ሩቅ ጥግ ላይ።

ዘጠኝ ሞት ቢመጣ አንዱን ግባ በለው፣
ይባል የለ? እኛም ያልነው እሱን ነው፤
ብጫ መቀነቱን የታጠቀውን ዘጠኝ፣
«ግባ!» አልነው፣ ሽማግሌው፣ ሕፃኑ፣ ውሻው ሳይቀር ሲጮህ ሰማኝ።
በአውራ ጣቷ ጠረገች። ጎነበሰች። መታች።
ሄደ። ሄደ። ቀዘቀዘ። የኪሱ አፍ ላይ፣ ከንፈሩ ላይ ሲደርስ

መብራት ጠፋ።

ማዕበሉ ምሰሶውን ከጣለው ወዲህ ስልክም የለም፤
ማኒላ ያወቀችውን ኤስታንሲያ አታውቅም።

ማን እንደሆነ እንጃ፣ «ኑ፣ ራሳችን እንየው!» አለ።
የባለ ሦስት እግሬን መብራት ወደ ጠረጴዛዋ አዞርኩ፤
ዱቄት ነሰነስን፣ ነጩን ከጠርዙ፣ ዘጠኙን ከጥጉ፣
እንዳየነው አስቀመጥን፤ ሽማግሌዎቹ በጣት እየለኩ።
ፖሊሱ መታ፦ ገባ።
ዓሣ ጫኙ መታ፦ ቆመ።
እኔ መታሁ፦ ነጩም አብሮ ገባ፣ ፔትራ ሳቀችብኝ።
«እንዲህ አልመታችውም!» «ለስለስ አድርጋ ነው!»
«የሷ እኮ ኳስ ነው፣ ይንከባለላል!»
እኩለ ሌሊት ድረስ እንዲህ ነበርን፤
ስድስት ጊዜ አሸነፈች፣ ስምንት ጊዜ ተሸነፈች፣ ከዚያ መቁጠር ተውን።

ናርሲሶ አልመታም።
ሰው ሁሉ ሲበተን ዞሬ አየሁት፤
አንዷን እንጨት አንስቶ የኪሱ አፍ ላይ አኖራት፣
ግማሿ በሳንቃው፣ ግማሿ በአየር፤
እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃት ጀመር።

ባትሪዬ እያለቀ ነበር።
መብራቱን ተውኩለት።