ከቀዳዳው ሥር

ዓርብ ነው፣ ረሆቮት፤ ፀሐይዋ ሳትጠልቅ፣
ሊፍቱ ተበላሽቶ በደረጃው ስወጣ፣ አራተኛ ፎቅ፣
ጀርባዬ ላይ አለ፣ በቦርሳ ታዝሎ፣
መቶ ስልሳ ቅጠል፣ ክብደት የሌለው፣ ከላባ ቀልሎ።

ሥራዬ ኢየሩሳሌም ነው፤ ምድር ቤት፣ መስኮት የሌለበት፣
ብራና በሰባት ዓይነት ብርሃን፣ ተራ በተራ የሚነሣበት።
እኔ ጌጥ እለቅማለሁ፤ ቀዩን ከቢጫው፣ ከሰማያዊው ለይቼ፣
ሳጥን እስላለሁ በየሐረጉ ዙሪያ፣ ማውሱን ጎትቼ፤
«ባለ ዓይን ቅጠል»፤ «ቋጠሮ»፤ «ወፍ፣ አንገቷን ያዞረች»፤
«ማሽኑ ካንቺ ይማር፣ ነገ ራሱ ያውቃል» ድሮሪት እንዳለች።

ይህኛው ግን የኛ ነው። አባቴ የሚያውቀው፣
ከአያቱ ጉልበት ሥር ቁጭ ብሎ ያነበበው።
ከክርስቲያን ጸሐፊ በሁለት ወይፈን ተገዝቶ፣
በሐረጉ መኻል የነበረው መስቀል በቢላ ተፍቆ ጠፍቶ።
ወደ ሱዳን ሊሻገሩ ሌሊት ሲነሡ፣ ለጎረቤት ሰጡ፤
ጎረቤቱ ሸጠ፤ የገዛውም ሸጠ፤ ዞሮ እዚህ ጠበቃቸው፣ እነሱ እስኪመጡ።

በስም ይርሳው ነው አባቴ፤ በግብር ግን አንድም አልረሳ፤
ላፕቶፑን ስከፍት «ቆይ» ብሎኝ ተነሣ፣
እጁን ታጥቦ መጣ፣ እስከ ክርኑ ድረስ፣
በፎጣም አልጠረገው፤ መስኮቱ ጋ ቆሞ በነፋስ አደረቀው፣ ገጹን ሊዳስስ።
ዳሰሰው። ገጹ ሸሸ። አርባ ቅጠል ዘለለ።
ደንግጦ እጁን ሰበሰበ፦ «ምን አደረግሁት? ምነው ኮበለለ?»

አጎላሁለት። የፍየሉ ፀጉር ታየ፣ ከቆዳው ሳይፋቅ የቀረ፤
ቀዩ ቀለም፣ እንደ በጋ መረሬ፣ እርከን በእርከን የተሰበረ፤
የተፋቀውንም፣ በማይታየው ብርሃን፣ አውጥቼ ላሳየው ስል፣
«ተዪው፣ ፈንታዬ» አለኝ፤ «የፋቁት ምክንያት ነበራቸው፤ አንቺ ምን አገባሽ፣ ብርሃንሽስ ቢችል?

ይልቅ ቀዳዳው የታለ?»
                    «የትኛው ቀዳዳ?»
«ጉድጓድ እንዳየ መንገደኛ፣ ፊደሉ ዳር ዳሩን የሚዞረው፤ የሳንቲም ያህል የጎደለ ቆዳ።»

አገኘሁት። ቅጠል ሰባ አራት። በሠንጠረዤም ላይ ሰፍሯል፦
«ጉዳት፤ ክብ፤ ዐሥራ ዘጠኝ ሚሊሜትር፤ ጌጥ የለም፤ ታልፏል።»
ውስጡ ግራጫ ነው፤ ፎቶ አንሺው ከሥሩ ወረቀት አንጥፎ።
አባቴ ዓይኑን አጥብቦ ተጠጋ፣ ትንፋሹ በመስታወቱ ላይ ጤዛ አሳርፎ፤
«እዚህ ቃል ነበረ» አለኝ። «በዚች መስኮት የሚቀጥለው ቅጠል ይጣራል፤
ገና ፊደል ሳልለይ፣ አያቴ በጣቱ እያሳየ፣ ‹ይህን ካወቅህ ይበቃል›
ይለኝ ነበር። ማነው የደፈነው? ማነው ቃሉን ያባረረው?»
ምን እላለሁ? ወረቀቱ ደንብ ነው፤ ደንቡንም እኔው ነኝ የፈረምሁት፣ ባለፈው።

ፀሐይዋ ከጣሪያው የውሃ ማሞቂያ ጀርባ ደርሳለች፤
ባትሪው ዘጠኝ ከመቶ፤ ገመዱን ረስቻለሁ፤ ጎረቤት ሻማ ለኩሳለች።
ሰባ አራትን በሰባ አምስት ላይ ደረብሁት፣ እንደ ነጠላ፤
ግራጫውን ነጥብ በነጥብ ላጥሁት፣ በማውሱ ጫፍ፣ በዚያች ቢላ።

እኔም እንግዲህ ፋቂ ሆንሁ።

ከሥር ብቅ አለች። ሁለት ፊደል ብቻ። ቀይ አይደለች፣ ጌጥ የላት፤
ሐረግ ያልዞረባት፣ ወፍ ያልጠበቃት፣ ማሽኔ ያላስተዋላት፦

                    ነዋ።

«እነሆ» ብሎ ፈታልኝ፣ የማላውቅ መስሎት።

የሰንበት ጡሩንባ ጮኸች። እጄን ከቁልፉ አነሣሁ፤ ሰንበት ገባች።
ላፕቶፑ ክፍት ቀረ፤ ከእንግዲህ ማንም አይነካውም፤ ቀይዋ ምልክት በራች።
አባቴ ወንበር ሳበ፤ የታጠበ እጁን ጉልበቱ ላይ አኑሮ፣
ባትሪው እስኪያልቅ ሊያይ፣ እንደ ልጅ፣ በቀዳዳ አጮልቆ፣ አንገቱን ሰብሮ።

እኔ ግን የማስበው ያን ሠንጠረዥ ነው፣ «ጌጥ የለም» ያልሁበትን፤
እሑድ ጧት ስገባ፣ በዚያ ጠባብ ሳጥን፣ ምን ስም እንደምሰጠው ቀዳዳውን።