ክር በክር

ከኮምፔንሳቶው ግድግዳ ማዶ ወንድሜ ቼቼፕ ይቆጥራል፤
ባንዱንግ ላይ የዘነበው ዝናብ ቆርቆሯችንን ይደበድባል፤
የእሱ ጊታር ግን፣ ማጉያው ጠፍቶ፣
በደረቁ፣
እንደ ጥፍር ይቧጥጣል።

አምስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ስምንት፣ ሰባት፣ አምስት።
በአንድ ክር ላይ መውጣት፣ በዚያው ክር ላይ መውረድ፤
ስድስት ድምፅ ናት በቃ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ
እሷኑ መፍታት፣ እሷኑ መግመድ።

መቁጠሪያው ሰማንያ ሲል ሁለቱ እጆቹ ጎረቤት ናቸው፣
እየተጠባበቁ የሚሄዱ።
መቶ ሲል ይኳረፋሉ።
መቶ ሃያ ላይ ቀኚቱ ብቻዋን ትበራለች
በሩን ሳይዘጋ እንደሚነዳ ሚኒባስ፤
ግራዪቱ ገና አንድ እግሯን አንስታ
ልትሳፈር ነው።

በመሃል የሚወጣው ኖታ አይደለም፤
ስም የሌለው፣ የታነቀ፣ "ትክ" የሚል ነገር፣
መምቻው ክሩን መትቶ
ጣት ሳይደርስለት ሲቀር።

"ግራ ገባኝ፣ ቴህ" ይለኛል።
"ግራህማ መች ገባች፤ እሷ ስትዘገይ አይደል?"

አባታችን ከመስጊድ ገባ፣ ጃንጥላውን እያራገፈ፤
"ቀኝ የሰጠችውን ግራ አትወቅ" አለ፣
ስለ ምጽዋት ነው፤
ማንም ሳያየው ሩዝ የሚያስቀምጥበት ደጅ አለው።
ቼቼፕ አንገቱን ደፍቶ ጣቶቹን አየና
"ይኸው፣ አላወቀችም" አለው።

እኔ ዘጠኝ ዓመት ሸሚዝ ሰፍቻለሁ፣
በራንቻኤኬክ መንገድ፣ ኮሌታ በኮሌታ ላይ።
ጊታር አላውቅም። ክር ግን አውቃለሁ።
መርፌው ጨርቅ ውስጥ ሳለ ጨርቁን የሚጎትት
መርፌ ይሰብራል፤
አንዴ ስባሪው ቅንድቤን ለጥቂት ስቶኛል።
ጨርቅ የሚራመደው መርፌው አየር ላይ ሲሆን ነው፣
ከዓይን ጥቅሻ በምታንስ ቅጽበት፤
ሥራው ሁሉ ያለው እሷ ውስጥ ነው።

ገባሁና ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።
"ተው እስኪ ፍጥነቱን። ስልሳ አድርገው።
መምቻህ ከክሩ ወጥቶ ሳይመለስ
ጣትህ ቀድሞ ይግባ፣ ቦታውን ይያዝ፣ ይጠብቅ፣
እንግዳ ሳያንኳኳ በር እንደሚከፍት ሰው።
ደግሞስ ጣትህን ለምን ሰማይ ታደርሰዋለህ?
ከክሩ ከፍ ይበል፣ የአንድ ቁልፍ ውፍረት፣ ይበቃዋል።"

ሳቀብኝ። "የልብስ መኪና እኮ አይደለም፣ ቴህ።"
ቢሆንም ስልሳ አደረገው።

መጀመሪያ ግራዪቱን ብቻ፣ መምቻ ሳይነካ፣
ግድግዳ ላይ እንደምትሄድ እንሽላሊት በዝምታ።
ቀጥሎ ቀኚቱን፣ ባዶ ክር ላይ፣
ወደ ታች፣ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ላይ፤
ከስድስቱ የመጀመሪያዋን ጠበቅ አድርጎ
ቋጠሮ እንድትሆን፤
እጆቹ መንገድ ላይ ቢጠፋፉ
እዚያች ላይ ሊገናኙ ተቀጣጥረው።

ስልሳ አራት። ስልሳ ስምንት።
ኢቡ ሮሃያ ግድግዳውን በጫማ መታችው።
ሰባ ሁለት ሲል እንቅልፍ ወሰደኝ።

በአሥራ አንደኛው ሌሊት ዝናቡ አባርቶ ነበር።
መቁጠሪያው መቶ ሠላሳ ሁለት ይላል፤
ስድስቱ ድምፅ አንድ ሆኖ ሲፈስ ሰማሁ፣
ስፌቱ የት እንደሆነ የማይታይ ልብስ፣
አንዴ።
ሲደግመው ተበላሸ። ተሳደበ።
እኔ ትራሴን አፌ ላይ አድርጌ ሳቅኩ።

ዛሬ በሁለተኛው ፈረቃ ማሽኔ መሃል ላይ ቀጥ አለ።
የመስመር አለቃችን ፓክ ዩዩን መጣ፣ "ተበላሸ?"
አልተበላሸም፤ እግሬ ነው ያቆመው፣
ከኮሌታው እኩሌታ ላይ አንድ ድምፅ ስትጠብቅ።
"ሰባተኛው ፍሬት ዘገየብኝ" ይባላል እንዴ?
"ምንም" አልኩት፣ ፔዳሉን ረገጥኩ።
አምስት፣ ሰባት፣