ቀሪ

ከቱሉ ዲምቱ ማዶ፣ አስፋልቱ ሲያልቅ፣
የእድራችን ቤት አለ፣ ክረምት ጭቃ ውስጥ የሚጠልቅ።
ከፊሉ መጋዘን ነው፣ ድንኳንና ብረት ድስት፤
ቀሪው ጥግ የኔ ነው፦ ጠረጴዛ፣ ማኅተም፣ እስክሪብቶ ሦስት።
ሠላሳ ዓመት አቃቂ፣ የክር ፋብሪካ ሂሳብ ይዤ፣
ጡረታ ስወጣ የሙት ሂሳብ ያዝኩ፣ በሽማግሌ ታዝዤ።

ሁለቱ የመጡት በነሐሴ ነው፣ በባጃጅ ተጣበው፣
ካሜራና ደብዳቤ፣ ባለ ሦስት ማኅተም፣ ጉልበት ላይ ደርበው።
ኦዲል ከሊዮን ናት፤ እሱ ኬንሱኬ፣ ከኪዮቶ፤
ሁለት ዩኒቨርሲቲ ልኳቸው፣ አንድ በጀት ተዋጥቶ።
እሷ ጃፓንኛ አትሰማ፣ እሱ ፈረንሳይኛው ኮልታፋ፣
እንግሊዝኛ ሲሞክሩ ነገሩ መሃል ላይ ጠፋ፤
ታዲያ የሚከራከሩት በአማርኛ ነው፣ በኛው፣
«አንቺ ተሳሳትሽ»፣ «አንተ አልገባህም»፣ ልክ እንደ ድንበርተኛው።

መጠይቃቸው ሊዮን ተረቅቆ ኪዮቶ የታረመ፣
እኛ ሰፈር ሲደርስ በሴቶች ሳቅ እንደገና የተተረጎመ፤
«የሐዘንዎ መጠን፣ ከአንድ እስከ አምስት?» ሲሏት፣ ወይዘሮ ሌሊሴ
«ስድስት የለም ወይ?» አለቻቸው፤ ሳቄን ዋጥኩ፣ እኔው ለራሴ።

ዋናው ሥራቸው መዝገቤ ነው፤ የሃያ ሁለት ዓመት ሞት ያለበት፣
ማን እንደቆፈረ፣ ማን ድንኳን እንደተከለ፣ ስንት ሌሊት እንደታደረበት።
ከሁሉ ግን የያዛቸው ቀዩ ዓምድ፣ የቅጣቱ ነው፣
አናቱ ላይ፣ በጄ ጽሑፍ፣ «ቀሪ» የሚለው።

የኦዲልን ደብተር አየሁት፦ «ቀሪ፣ ያልመጣ»።
ኬንሱኬ ራሱን ነቀነቀ፤ «አይደለም፤ ቀሪ ማለት ያልወጣ፣
ሰው ሁሉ ሲሄድ ቆሞ የሚገኝ፣ የተረፈ።»
«ይሄኛው እኮ አስር ብር የተቀጣ ነው፤ ያረፈደ፣ የሰነፈ!»
ዞረው እኔን አዩኝ።
አፍሬ ዝም አልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የጻፍኩትን ቃል፣
አንድ ቀን እንኳ አላየሁትም፤ ጫማውን ማን ከሥሩ ያየዋል?

በሦስተኛው ቀን ወሰድኳቸው፣ ኦቦ ጉተማ ዘንድ፤
ጤፉ በበቀለበት ፎቅ በቅሎ፣ የተረፈው ጓሮ አንድ ክንድ።
በመዝገቤ አሥራ ሰባት ጊዜ «ቀሪ» የተባለ፣
ቅጣቱን በሙሉ የከፈለ፣ አንድ ቃል ሳይመልስ፣ ዝም እንዳለ።

«ለምን ቀሩ?» አለች ኦዲል፣ መቅጃዋን አብርታ።
ሽማግሌው ጣቱን ቀሰረ፣ ወደ መኪና ማቆሚያው ቦታ።
«አባቴ እዚያ ሥር ነው። አጥንቱን አንሳ ሲሉኝ፣ የቱ ጋ እንደሆነ ጠፋኝ፤
መኪና ቆሞበታል። ሰፈሩ ሬሳ ተከትሎ ጭር ሲል ነው የሚሰማኝ።
እናንተ ቀብር ትሄዳላችሁ።
እኔ እቀርለታለሁ።»

እሷ መቅጃውን አጠፋችው፣
እሱ እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተው።
ባጃጅ ውስጥ፣ እስከ አደባባዩ፣ ማንም ማንንም አላረመ፤
ጭቃው ብቻ ከጎማው ሥር አጉረመረመ።

በዓመቱ ጥናቱ ታትሞ መጣ፣ ሁለት ቋንቋ ጎን ለጎን፤
አንዱ የጉንዳን ሰልፍ፣ አንዱ የጎጆ ክምር፤ ለኔ ዓይን ምንም ላይሆን።
ገጽ ዘጠና አንድ ላይ ግን ደነገጥኩ፤ ከዚያ ሁሉ መሃል፣
በሁለቱም ወገን፣ ሳይተረጎም፣ በኛው ፊደል፣ «ቀሪ» ይላል።
አልተስማሙም ማለት ነው፤ ወይ ደግሞ በቃ ብለው፣ ተስማምተው፣
ቃሉን እንዳለ ትተው።
ፖስታው ውስጥ ሃያ ብር ነበረ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ፣
«ስብሰባ ቀርተናል፤ ቅጣታችን ነው» የሚል ጽሑፍ አዝሎ።
ሕግ ሕግ ነው፤ ደረሰኝ ቆረጥኩ።

ኦቦ ጉተማ በጥር አረፈ። ሬሳው ሲወጣ ሰፈሩ ነቅሎ ሄደ፤
እኔ ድንኳኑን አስተክዬ፣ ድስቱን አስቆጥሬ፣
እግሬ ወደ መኪና ማቆሚያው ወረደ።
ማታ መዝገቡን ገለጥኩ። ቀዩን እስክሪብቶ አንስቼ፣
በራሴ ስም አንጻር ጻፍኩ፦ «ቀሪ»።
አስር ብር ከፈልኩ፣ ለራሴ ደረሰኝ ሰጥቼ።