ሎሚ ሎሚ የሚል ዩሪያ

ፈርዋኒያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት፤
ከእኩለ ሌሊት ጀምሬ ውሃ እንኳ አልቀመስኩት።
ሲስተር ሺጂ ሰማያዊ ከረጢት አቀበለችኝ፣
ጉንጯን ነፋ አድርጋ በምልክት አስረዳችኝ።
ነፋሁ።
ቀጥላ አንድ ብርጭቆ ሰጠችኝ፣ ሎሚ ሎሚ የሚል።
ቁርኣን ቤት በለመድኩት ፊደል
የጠርሙሱን ጽሑፍ ቆጥሬ አነበብኩት፤
ዩሪያ።
ሳቅሁ። ሺጂ ደነገጠች።

አባቴ ሐርቡ ላይ፣ ከኅብረት ሥራው መጋዘን በር
ሁለት ሌሊት ያደረበት፣ ወረፋው እንዳያልፍ ሲጠባበር፣
ከማሽላው ቀድሞ ዕዳው የበቀለበት፣
ያ ነጭ ጠጠር፣ በሬያችን የሄደበት፣
በሬው አልበቃ ሲል እኔ የሄድኩበት፣
ይኸው ኩዌት ላይ በሎሚ በጥብጠው አጠጡኝ።

«ግማሽ ሰዓት ጠብቂ።»
ሙዘሚል፣ የላቦራቶሪው ሱዳናዊ፣ ጎኔ ቁጭ ብሎ
በደረሰኝ ጀርባ ላይ ብሎን የመሰለ ነገር ስሎ፦
«ባክቴሪያው ይህ ነው። ጨጓራሽ አሲድ ነው፣
ሥጋ የሚያሟሟ፤ ይህ ግን አልሟሟም ያለው
ኢንዛይም ስላለው ነው። መሃሉ ሁለት ቅንጣት ኒኬል፣
ዩሪያ ሲያገኝ እንደ ማገዶ ይፈልጣል፤
አንዱ ፍላጭ አሞኒያ፣ አንዱ ጋዝ ይሆናል።
አሞኒያው አሲዱን ያበርዳል።
ጨጓራውን ሁሉ አይምሰልሽ፤
የቆመባትን ያህል ብቻ።
ልጋጉም ይቀጥንለታል፣ ዋኝቶ ግድግዳው ሥር ይገባል፣
ቤት ይሠራል።
ጋዙ በደምሽ ዞሮ በትንፋሽሽ ሲወጣ
በከረጢት እንይዘዋለን።»

አሞኒያ!
አወቅሁት። በየሐሙሱ የእመቤቴን መጸዳጃ የምወለውልበት፣
ዓይኔ ሲቃጠል በሩን ከፍቼ አየር የምለምንበት።
እንግዲህ እሱም ወልዋይ ነው።
የቆመባትን ያህል ብቻ።
እኔም ከልብስ ማጠቢያው ጀርባ አንዲት ፍራሽ አለችኝ፣
አራት ዓመት ቁጣ ሲፈስ ያላሟሟችኝ፤
«ሓዲር» እላለሁ፣ «ሓዲር»፣
ዙሪያዬን እረጨዋለሁ፣ እስኪበርድ።

«ከየት ያዘኝ? ከዚህ አገር ነው?»
«ኧረ፣ ከልጅነትሽ ይሆናል። ከቤት። ከአንድ ማንኪያ።»
ምናልባት ከእናቴ እጅ። ምናልባት ከኢንትሳር ጋር
ከተሻማንባት ጣሳ።
አዲስ አበባ ላይ ደሜን ቀድተው፣ ሳንባዬን ፎቶ አንስተው፣
«ብቁ ናት» ብለው ማኅተም ሲመቱ
እሱ ከማኅተሙ ሥር አለፈ፤
ያለ ቪዛ፣ ያለ ከፊል፣ ያለ ኢቃማ፣
ማንም ፓስፖርቱን ሳይቀማው።

እመቤቴ «በርበሬሽ ነው» ትለኝ ነበር፣
የኤጀንሲው ሰው «ሐሳብ ነው»፣
እኔም ሌሊት እጥፍጥፍ ብዬ፣ ሆድ ይፍጀው።
ፈጀው እንጂ! እኔኑ ነው የፈጀው።
ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር ባገሬ፤
እዚህ ብቅል ሐራም ነው፣ ትንፋሽ አወጣው ዛሬ።

ሁለተኛውን ከረጢት ነፋሁ። አለ።
አሥራ አራት ቀን፣ ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ፣
አንድ የአሲድ መቀነሻ።
«አንድም ቀን እንዳታቋርጪ» አለኝ ሙዘሚል፣
«ካቋረጥሽው መድኃኒቱን ይለምደዋል።»
መልመድ ማለት ምን እንደሆነ እኔን አይነግረኝም።

አላዝንለትም። የበላው የእኔን ግድግዳ ነው።
ግን የመጀመሪያውን ኪኒን ስውጥ፣
ወጥ ቤቱ ጨልሞ፣ ፍሪጁ ብቻ ሲያንጎራጉር፣
እጄ ጥቂት ቆየ።
ከዚያ ቤት የወጣነው አብረን ነበርና።

ዓርብ ማታ አባቴ ደወለ።
«ዘንድሮ ዩሪያው ቶሎ መጣ» አለኝ፣ «ዋጋው ግን አይቀመስም።»
«እኔ ቀምሼዋለሁ፣ አባ» አልኩት፣ «ሎሚ ሎሚ ይላል።»
ዝም አለ።
ወይ አልገባውም፣ ወይ ካርዱ አልቋል።