«አስተያየት» የምትለው ዓምድ

ዘበኛው ይመር ሌሊቱን ሲዞር አድሯል፣
ዱላው ከእጁ ነው፣ በሩም ተቆልፏል፤
የጦሳ ጉም ብቻ አጥሩን ተሻግሯል።
«ታዲያ» ይለኛል፣ «በየት በኩል ገባ?»
ውሻ ያልጮኸበት፣ ኮቴ የሌለው ሌባ።

ማሽኑን ስከፍት ደብዳቤ ቆየኝ፤
ትሁት ነው፣ «እባካችሁ» ይላል፤
ሦስት ቀን ሰጥቶናል። ካልከፈልን ግን
ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከሐይቁም ቅርንጫፍ
የልጆቹ ማኅደር ገበያ ይወጣል።

ሥራ አስኪያጁ የፈራው ለድርጅቱ ስም ነው።
እኔን ያስፈራኝ ግን ዳር ያለችው ዓምድ፣
«አስተያየት» የምትል፣
በጣቴ የሞላኋት የየቤቱ ጉድ፦

«አባቱ ታስሯል፤ ክፍያ ይቅርለት።»
«ኪኒን ትውጣለች፤ ክፍል እንዳይነገርባት።»
«እንጀራ አባቷ ሊወስዳት ቢመጣ፣ አትስጡት።»

ይቺን የኋለኛዋን ያስጻፈችኝ ዘምዘም ናት፣
ከሸዋበር በእግሯ፣ በሐምሌ ዝናብ መጥታ፣
በመስኮቱ ቀዳዳ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።
«በወረቀት አይሁን፣ ወረቀት ይወድቃል»
ብትለኝ፣ «አብሽሪ፣ ማሽን ውስጥ ይገባል፣
ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው» አልኳት።

ቁልፉ የልጄ ስም ነበር፣
ከተወለደበት ዓመት ጋር።
ሌባው ግድግዳ አልቆፈረም፤
የልጄን ስም ጠርቶ ገባ።
ይህን ለይመር አልነገርኩትም።

«ዝም እንበል» አለ አለቃዬ፤ «ወላጅ ከሰማማ...»
ዐረፍተ ነገሩን ሳይዘጋ በሩን ዘጋ።
ይመር አሁንም አጥሩን ይዳስሳል፣ ቀዳዳ ፍለጋ።

ለዘምዘም ደወልኩ።
ገና በአንድ ጥሪ አነሳች፣ የምለውን ሳጣ፦
«ጦይባ! ደህና አደርሽ? የልጄ ውጤት ወጣ?»